የሳተላይት ጓዳ

ጠጋ በሉማ፤ ይቺ ከእኛ እንዳትወጣ።

ከተማችን ገንዳ ውሃ ላይ ሰሊጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠረጥራል፤ ከላይ ሆነው ሂላውን (የነዶ ክምሩን) ሳይቀር ይቆጥሩበታል። አይዟችሁ፣ አይቆጥሩም። የሳተላይት ምስል ሳገላብጥ ስለምውል ነው የምነግራችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 እንኳ፣ ምስሏ ላይ አንዷ ነጥብ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ መሬት ነበር የምትሸፍነው። ሂላችሁ እዚያ ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። ሐምሌ ላይ፣ ዘሩ መሬት በያዘበትና አለቃ ሁሉ «ምስል አምጡ» በሚልበት ሰሞን ደግሞ ደመናው ይጋርደናል። ምን እናደርጋለን? ድምፃችንን አጥፍተን የአውሮፓውያኑን የራዳር ምስል እናወርዳለን። ራዳር ደመና አይበግረውም፤ በዚያ ላይ በነፃ ነው።

ዋናው ወሬ ግን ይሄ አይደለም። ዋናው የሳተላይቶች ጥበቃ ነው።

በቴሌቪዥን ስታዩት ግድግዳ የሚያህል ስክሪን፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘ» ምናምን ነው። ጓዳው ሌላ ነው። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሳተላይት በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ትከንፋለች። ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ? የሚኒባሱ ረዳት በሩን ሳይዘጋ ደርሳለች። እንጦጦ ያለው አንቴና በአንድ ማለፊያ የሚያገኛት ቢበዛ አሥራ ምናምን ደቂቃ ነው። ትእዛዙም፣ ምስሉም፣ «ጤናሽ እንዴት ነው»ውም በዚያችው ያልቃል።

ታዲያ ያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይሠራል? ጠላት የሚያባርር አይምሰላችሁ። አብዛኛው ሥራው «ይሄን ተዉት» ማለት ነው! የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ለአንዲት ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ላለች ሳተላይት በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠር የግጭት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። የሰው ዓይን የሚያስፈልጋቸው ሁለት ያህሉ ናቸው። ሌላው ሁካታ ነው። ለይቶ የሚያስቀር ካልተገኘ ተረኛው ባለሙያ ያብዳል።

ቸል ሲባልስ? የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 እና ሥራ ያቆመው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ሳይቤሪያ ሰማይ ላይ ተላትመው ብትንትናቸው ወጣ። ከስሌቶቹ አንዱ ምን ብሎ እንደነበር ታውቃላችሁ? 584 ሜትር ተራርቀው ያልፋሉ! ለዚህ ነው ማሽኑ ቢለይም፣ ነዳጅ አውጥቶ ሳተላይቷን ዞር የማድረጉን ውሳኔ ብዙ ቦታ ሰው የሚይዘው።

በቴሌቪዥን የምታዩት ያ ዓይን የሚሸፍነው ቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽርስ? ያደረገው ሰው አየር ሲጨብጥ ለሚያየው ያስቃል መቼም። ጠፈርተኞች በሚሠለጥኑበት ሂዩስተን ውስጥ ግን ማንም አይስቅበትም። ሐብል ቴሌስኮፕን በ1986 ዓ.ም. ሊጠግኑ የወጡት ጠፈርተኞች በቪአር ተለማምደው ነው የሄዱት። ዛሬም ገመዱ አምልጦት ባዶው ላይ የሚንሳፈፍ ጠፈርተኛ፣ ጀርባው ላይ ባለችው ትንሽ የጋዝ ሞተር እንዴት እንደሚመለስ የሚማረው በመነጽሩ ነው። በውኃ ገንዳ (የእኛን ከተማ ማለቴ አይደለም) ይሄ አይሆንም፤ ውኃው ራሱ ይዞ ያስቆመዋላ።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ሳተላይት ማጥቃት የፈለገ ሰው ሰማይ መውጣት አያስፈልገውም።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሩሲያ ዩክሬንን ልትወር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራት፣ ሰርጎ ገቦች የሳተላይት ኢንተርኔት ኩባንያውን የቫያሳትን የምድር መረብ በደንብ ባልተዘጋ የርቀት መግቢያ ገቡበት። ከዚያ የራሱን የኩባንያውን ትእዛዝ ለሞደሞቹ ላኩ፤ የብዙ ሺህ ሞደሞች ማህደረ ትውስታ ተጠረገ። መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ 5,800 የነፋስ ተርባይኖች የርቀት መቆጣጠሪያቸውን አጡ። ኩባንያው ወደ 30,000 ምትክ ሞደም አከፋፈለ። ሳተላይቷ? ጫፏን የነካት የለም።

እና የመንግሥት ቢሮዎች መረብ የሆነው ወረዳኔት ራቅ ያሉ ወረዳዎችን ያገናኘው በምን መሰላችሁ? በሳተላይት ሳህን። ቢሮ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ሰማዩን አትሙት። የይለፍ ቃሉ ኪቦርዱ ሥር ተለጥፎ ካገኛችሁት ግን፣ እኔ አልነገርኳችሁም።