ውኃና ሳሙና በዋግ ደጋ

በሰቆጣ ዙሪያ ቀበሌዎች ወረንጦ እሾህ ለማውጣት ብቻ አይፈለግም። ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌን የሚፍቅ ሽፋሽፍትም የሚነቀለው በእሱ ነው። ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅል አጭርና ሸካራ ስለሚሆን ይብስ ይወጋል።

ሕመሙ ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ላይ ተገኝቶ ነበር። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ የዓይን ቆብ ውስጠኛ ልባስ ሕዋስ ላይ ይጣበቅና ሕዋሱ ራሱ ውጦ እንዲያስገባው ያደርጋል። ውስጥ ተራብቶ በሁለትና በሦስት ቀን ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ ይሻገራል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን ይድናል። ከእህት፣ ከነጠላ ጫፍ፣ ከዝንብ እየተመላለሰ ሲይዝ ግን ጠባሳው ይደራረባል፤ ቆቡ ይኮማተርና ፀጉሩን ወደ ብሌኑ ይመልሰዋል። ባክቴሪያውን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንቁላል አሳድጎ የለየው ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን፣ የበሽታው መንስኤ መሆኑን ለማረጋገጥ በገዛ ዓይኑ ውስጥ ጨምሮታል። ድፍረት ይሉታል፤ እኔ እብደትም እለዋለሁ።

አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል። የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር በነጻ ይሰጠዋል፤ በዋግም ለዓመታት በየመንደሩ ታድሏል። ዳሩ ግን እስከ መቼ? ውኃ፣ ሳሙናና መጸዳጃ ቤት ቢሟሉ በሽታው ተመልሶ አይመጣም የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ያለ ጽኑ ማስረጃ ቆይቷል። ማስረጃው የተፈለገው በሰቆጣ ዙሪያ፣ በጋዝጊብላና በደሃና ወረዳዎች ነው። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ካርተር ማዕከል፣ የአማራ ክልል ጤና ቢሮና በሳን ፍራንሲስኮ ያለው ፕሮክተር ፋውንዴሽን 40 የገጠር ማኅበረሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የውኃ ቦታ፣ የእጅና የፊት መታጠቢያ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት አገኙ። ቀሪዎቹ ተራቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ። በጥናቱ ጊዜ የመድኃኒቱ እደላ በሁለቱም ወገን ቆሞ ነበር።

ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. በላንሴት ግሎባል ኸልዝ መጽሔት ወጣ። ሲጀመር በሁለቱም ወገን ባክቴሪያው የተገኘባቸው ሕፃናት 11 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ውኃና ሳሙና ባገኙት 32፣ ባላገኙት 31 በመቶ ሆነ። ልዩነት የለም።

ይህን ውጤት «ውኃ አይጠቅምም» ብሎ የሚያነብ ባለሥልጣን እንዳይኖር እሰጋለሁ። ጥናቱ የለካው የሕፃናትን የዓይን ባክቴሪያ እንጂ ተቅማጥን ወይም በጀሪካን የጎበጠ ጀርባን አይደለም። ጉድጓድ መቆፈርና ሕፃን በየዕለቱ ፊቱን መታጠቡም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ውኃው ወደ ቤት የሚደርሰው በሰው ጫንቃ ዳገት ወጥቶ ነውና። ሦስት ዓመት ልማድን ለመለወጥ አጭር ነው የሚለው መከራከሪያም አይናቅም። የቁጥሮቹ መውጣት ግን ማስተባበያ የለውም፦ ባክቴሪያው ከመንደሩ ሳይጠፋ የመድኃኒቱ እደላ ቢቋረጥ፣ አዲስ ጉድጓድ ብቻውን አይመክተውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን ለማጥፋት የቆረጠው ቀን ከ2020 ወደ 2030 (እ.ኤ.አ.) ተገፍቷል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት የታመሙት ከ5 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። ለዋግ በዓመት አንድ እደላ ይበቃል ወይስ ለሕፃናቱ ቶሎ ቶሎ ይሰጥ የሚለው ክርክር ከጉድጓዱ ክርክር ይልቅ አሁን አጣዳፊ ነው።