ጭሱ የሚያገኘው ማንን ነው?

የአየር ብክለት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የአዲስ አበባ መኪና ነው። የይፋግ አየርማ ንጹሕ ነው እንላለን። ነገር ግን ሰው የሚተነፍሰው የከተማውን አየር ሳይሆን አፍንጫው ሥር ያለውን ነው።

በኩበትና በጭራሮ እንጀራ ሲጋገር እናት ምጣዱ ላይ አጎንብሳ፣ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ይቆያሉ። አባት ደጅ ነው። ቤቱ አንድ፣ ጭሱም አንድ፤ የሚደርሳቸው መጠን ግን ለየቅል ነው። ተጋላጭነት ማለት ይኸው ነው፦ ምን ያህል ጭስ፣ ለስንት ሰዓት?

የሚጎዳው ዓይን የሚያስለቅሰው ብቻ አይደለም። ከጠጉር 30 እጅ ያህል የሚቀጥነው ብናኝ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የማድ ቤት ጭስ ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል።

እኛስ? በተከራየናት ክፍል በር ዘግተን ከሰል እናነዳለን። «ጭስ የለውም» እንላለን፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ተኝተን ሳለ ይገድላል።

ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ወደ መኝታም አይግባ። ማገዶው ይድረቅ፤ መስኮት ይከፈት፤ ሕፃኑ ከምጣዱ ይራቅ። ሰሌዳውንም በእርጥብ ጨርቅ እንጥረግ፤ የጠመኔው ብናኝ ለፊተኞቹ ተማሪዎች ይተርፋልና።

ሁላችንም በዚያ ጀርባ ላይ አድገናል። ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ይህን ትምህርት ከማድ ቤት እንጀምር።