እህት ከቤተሰብ የማትቆጠርበት ቅጽ

ጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትና የአሜሪካ ኤምባሲ ማዶ ለማዶ የሚተያዩበት የናይሮቢ ሰፈር፣ ለስደተኞቻችን የተስፋና የፍርሃት ስፍራ ነው፤ ስለ ቤተሰብ ማገናኘት በተነሣ ቍጥርም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ያደረገችው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ዛሬም ይወሳል። ናይሮቢ ላይ በተጀመረው ምርመራ፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሆኑ 500 ያህል አመልካቾች ተፈተኑ፤ ኋላም ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፍቶ 3,000 ያህል ሰዎችን ባዳረሰ ጊዜ፣ የተናገሩት ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከመቶ 20 አልሞሉም ተባለ፤ የቤተሰብ ማገናኘቱ መርሐ ግብርም እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ታገደ።

በዚህ ቍጥር ውስጥ ለምርመራ አንቀርብም ያሉትም፣ ከብዙ ልጆች መካከል የአንዱ ዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ያልገጠመላቸውም በአንድነት መደመራቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በማመልከቻው ያለውን የቤተሰብ ቦታ ለባዕድ የሸጡ መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ምክንያት የመርሐ ግብሩ ቅጽ ራሱ ይመስለኛል፤ ወላጅን፣ የትዳር ጓደኛንና ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅን እንጂ ወንድምንና እህትን በቤተሰብነት አይቀበልም ነበርና። አባትና እናት ያለፉባቸውን ታናናሾቿን አጥባና አጕርሳ ያሳደገች፣ እነርሱም «እትዬ» እያሉ እንደ እናት የሚያከብሯት ታላቅ እህት፣ «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ተብላ ስትጠየቅ እነርሱን ሳትቆጥር ልትመልስ እንዴት ይቻላታል? የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችን እንኳ ወላጆች ሲሞቱ ከአያቶች ቀጥሎ ሞግዚትነቱን የሚሰጠው አካለ መጠን ላደረሱ ወንድምና እህት ነው።

ይህ የእህትነት ግዴታ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጆርጅ ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመችው «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» ልብ ወለድ ማጊ ቱሊቨር ወንድሟ ቶም መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ ቢያስምላትና በኋላም ከቤቱ ቢያባርራትም፣ ጎርፉ በመጣ ሌሊት በታንኳ የቀዘፈችው ወደ እርሱ ነው።

ቅጹ የዘጋው በር መዘዙ ረጅም ነው። አሜሪካ የገባች እህት ወንድሟን ለማስመጣት አስቀድማ ዜግነት ማግኘት አለባት፤ ለዜግነቱ አምስት ዓመት ያህል ትቆያለች፤ ከዚያም ለዓለሙ ሁሉ በዓመት 65,000 ብቻ በተመደበው የወንድምና የእህት ቪዛ ተራ ትይዛለች፤ ይህም ተራ ከዐሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል። በዐሥር ዓመቱ ናይሮቢ የቀረ ብላቴና፣ ሁሉ ቢሳካለት እንኳ፣ እህቱ ዘንድ የሚደርሰው አሳዳጊ በማይሻበት ዕድሜ ነው።