ቡችላችን ሲያድግ ምን ያክላል?

ዛሬ የማቀርብላችሁ ስለ ቡችላ እድገት ነው።

ቡችላ ትንሽ እያለ ሁሉም ይወደዋል። ሲያድግ ግን «ቤቱ ጠበበን፣ ምግቡ በዛ» ተብሎ መንገድ ላይ የሚጣል አለ። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚያድግ አስቀድሞ መገመት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ እናቱን ማየት ነው። ትልልቅ ሰዎች «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይሉ የለ? ለቡችላም ይሠራል። አባቱም ከታወቀ የሁለቱን መካከል መውሰድ ነው። አንዳንድ ሰው መዳፉን ብቻ አይቶ «ይሄ አንበሳ ነው የሚሆነው» ይላል፤ መዳፍ ግን ብቻውን አያስተማምንም።

ሁለተኛ፣ ዕድሜውን ማወቅ ነው። የወተት ጥርሱ መውለቅ የሚጀምረው 4 ወር ገደማ ሲሆነው ነው። ትናንሽ ውሾች 1 ዓመት ሳይሞላቸው ማደግ ያቆማሉ፤ በጣም ትልልቆቹ ግን እስከ 1 ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ያድጋሉ።

ሦስተኛ፣ መመዘን ነው። መካከለኛ ውሻ በ4 ወሩ የሙሉ ክብደቱን ግማሽ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ የ4 ወሩን ኪሎ በ2 ማባዛት ነው። ትንሽ ዝርያ ከሆነ ከግምቱ ሊያንስ፣ ትልቅ ዝርያ ከሆነ ሊበልጥ ይችላል።

ቡችላ ሚዛን ላይ ጸጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ እኔ ቡቺን አቅፌ እመዘናለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እመዘንና እቀንሳለሁ። ታኅሣሥ ላይ አብረን 36 ኪሎ፣ ብቻዬን 28 ኪሎ ሆንኩ። 36 - 28 = 8 ኪሎ ማለት ነው። መንገድ ላይ የሚመዝነው ልጅ «የሁለት ሰው ክፈል» ብሎ ሳቀብኝ!

ደብተሬ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦
በ2 ወሩ 4 ኪሎ
በ3 ወሩ 6 ኪሎ
በ4 ወሩ 8 ኪሎ
ግምት፦ 8 × 2 = 16 ኪሎ

አከራያችን «ትልቅ ውሻ ግቢዬ አይገባም» ብለው ስለነበር ደብተሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «16 ካለፈ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ይህን የሰማ ጓደኛዬ «ታዲያ ምግብ ቀንስለታ፣ ትንሽ ሆኖ ይቀራል» አለኝ። እንዲህ ማድረግ በፍጹም አይገባም! ቡችላ ሲራብ ይከሳል፣ ይታመማል እንጂ ዝርያው አይቀየርም። ከልክ በላይ ማብላትም መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ ለእጃችሁ ከተሰማችሁ፣ ግን ከሩቅ ካልታየ፣ ደህና ነው።

የደብተሩ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ይሄ ነው፦ የቡችላው ኪሎ ከቀነሰ ወይም ለሁለት ሳምንት ባለበት ከቆመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በተለይ ሆዱ ተነፍቶ ሌላው ሰውነቱ ከከሳ የሆድ ትል ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ቡችላ አመመኝ ብሎ አይናገርም፤ ኪሎው ግን ይናገርለታል።

ቡችላ ያላችሁ ሁሉ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ምግብ ሳይበላ፣ እየመዘናችሁ ጻፉ።