ድምፅ የሚመራው ትርዒት

በቤተ መዘክር አዳራሽ ውስጥ ሰው ዘወትር በዓይኑ ይመራል፤ ከሥዕሉ ፊት ይቆማል፥ ይመለከታል፥ ያልፋል። የአይስላንድ ተወላጅ የሆነው ከያኒ ራግናር ክያርታንሶን እ. ኤ. አ. በ2012 ዓ. ም. ያቀረበው «ጐብኚዎቹ» የተባለው የቪዲዮ ሥራ ግን ይህን ልማድ ይለውጣል። በዚህ ሥራ ፊት የቆመውን ሰው ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚመራው ጆሮው ነው።

ሥራው የተቀረጸው በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፥ በሃድሰን ወንዝ ሸለቆ በሚገኝ ሮክቢ በተባለ አሮጌ ቤት ነው። ሙዚቀኞቹ በየክፍሉ ተለያይተው ተቀመጡ፤ አንዱ ከፒያኖ ፊት፥ አንዱ አኮርዲዮን ይዞ፥ ክያርታንሶን ራሱም ጊታሩን ይዞ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆነ። እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ፥ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ እየተሰማሙ፥ ጥቂት ስንኞች ያሉትን አንድ ዘፈን እየደጋገሙ ተጫወቱ። ቀረጻው በአንድ ጊዜ ያለማቋረጥ የተከናወነ ሲሆን 64 ደቂቃ ይፈጃል።

በአዳራሹ ውስጥ 9 መጋረጃዎች ይዘረጋሉ፤ የእያንዳንዱም ሙዚቀኛ ድምፅ ከራሱ ምስል አጠገብ ይወጣል። ስለዚህ ወደ አንዱ የቀረበ ሰው የዚያን ድምፅ ለይቶ ይሰማል፤ በመካከል የቆመ ደግሞ የሁሉን ኅብረት ይሰማል። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ገብተው በአንድ ሰዓት ቢወጡም የሰሙት አንድ አይሆንም።

ይህ አሠራር ለባህል ጥናት ሊቃውንት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የሙዚቃ ባህል ተመራማሪው ሲምሐ አሮም በ1970ዎቹ ዓመታት በመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅሟል። በዚያ አገር የብዙ ድምፆች ዘፈን በአንድ ማይክሮፎን ሲቀዳ ድምፆቹ ስለሚዋሐዱ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መጻፍ አዳጋች ነበር። አሮም ግን አስቀድሞ የተቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ እያሰማ፥ እያንዳንዱን ዘፋኝና ተጫዋች በተራ ለብቻው ቀዳ። በዚህም የየድርሻው መልክና የድርሻዎቹ ግንኙነት ታወቀ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። አሮም ድምፆቹን የለየው ለመመርመር ሲሆን፥ የቀዳቸውም በየተራ ነው፤ ክያርታንሶን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀድቶ፥ መልሶ የማዋሐዱን ሥራ ለአድማጩ እግር ትቶታል።

በትርዒቱ ፍጻሜ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ክፍላቸውን ትተው ይወጣሉ፤ በአንድነትም እየዘፈኑ በመስኩ ቁልቁል ይወርዳሉ። ባዶ የቀሩት ክፍሎች ጸጥ ሲሉ ተመልካቹም ድምፁን ተከትሎ ወደ አንድ ወገን ያመራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ማይክሮፎኑን በአንድ ስፍራ የሚተክል ተመራማሪ፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት አድማጮች ሁሉ የመቆሚያ ስፍራ መርጦላቸዋል። በማኅደር የተቀመጠውን ድምፅ የሚሰማ ተማሪ ከስፍራው ተነሥቶ ወደ ሌላው ዘፋኝ ሊቀርብ አይችልም። ስለዚህ ቀራጩ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን፥ ማን በየት እንደቆመና እርሱ ራሱ ከየት ሆኖ እንደሰማ ጭምር መጻፍ ይገባዋል።