አንድ ኢንች አየር

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የእንጨት ምድጃ ከጀርባው ካለው ግድግዳ የሚርቀው 12 ኢንች ብቻ ነው እንበል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ግድግዳውን ከሙቀቱ የሚከልልላችሁ የቱ ነው? ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የተገነባ 9 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጡብ ወይስ ከግድግዳው አንድ ኢንች ፈቀቅ ብሎ የቆመ ስስ ላሜራ?

ብዙ ሰው ጡቡን ይመርጣል። መልሱ ግን ላሜራው ነው! አሜሪካኖቹ ኤንኤፍፒኤ 211 በሚሉት የጭስ ማውጫና የምድጃ ደንብ መሠረት፣ ተፈትኖ ያልተመሰከረለት ምድጃ ሊቃጠል ከሚችል ግድግዳ 36 ኢንች መራቅ አለበት። ጡብ ከለጠፋችሁ እስከ 24 ድረስ መጠጋት ይፈቀዳል። ባለ 24 ጌጅ ላሜራ፣ ከኋላው አየር እንዲዘዋወር ተደርጎ ከቆመ ግን እስከ 12። ያው ጡብም ቢሆን ከግድግዳው ተላቆ ከኋላው አየር ሲተውለት 12 ይፈቀድለታል። ሥራውን የሚሠራው አየሩ ነው ማለት ነው።

እንዴት? ጡብ ሙቀቱን ይጠጣና ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። ሴራሚክ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስስ ስለሆነ እዚያው ያስተላልፋል። ላሜራው ሲግል ግን ከኋላው ያለው አየር ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል፤ በእግሩ ቀዝቃዛ አየር ከወለሉ ይገባል። እሳቱ እስከነደደ ድረስ ይህ አይቆምም። ስለዚህ ላሜራው ከታችም ከላይም ክፍት መሆን አለበት። ለመልክ ብሎ ጠርዙን የደፈነ ሰው መከለያውን ገደለው። ከግድግዳው የሚያርቁት ማያያዣዎችም የማይቃጠሉ ይሁኑ፤ ልክ ከምድጃው ጀርባ ባለው ቦታም አይደረጉ፤ ብረት ሙቀቱን በቀጥታ ወደ እንጨቱ ይወስደዋልና።

እንጨት አልኩ፤ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። በጭቃ ወይም በብሎኬት ቤት ያደገ ሰው ግድግዳ ይነዳል ብሎ አያስብም። ዴንቨር ወይም ቨርጂኒያ ቤት ስትገዙ ግን ከጂፕሰሙ ጀርባ በአብዛኛው የቆመው የእንጨት ቋሚ ነው። እንጨት አብዛኛውን ጊዜ እሳት የሚይዘው ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ለዓመታት በየክረምቱ ሲጋገር የኖረ እንጨት ግን ውስጡ ቀስ እያለ ወደ ከሰልነት ይለወጣል፤ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀትም ሊቀጣጠል ይችላል። «አሥር ዓመት ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ እኔን የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። አሥሩ ዓመት እንጨቱን ሲያደርቀው ነበር።

አሁን ምድጃውን ወደ ግድግዳ ገባ ባለ ሥፍራ እናስገባው። ሦስት ግድግዳና አንድ ጣሪያ ከበቡት። እያንዳንዱ ሙቀቱን መልሶ ይወረውርበታል፤ ሞቃቱ አየር እላይ ይታቆራል፤ የጭስ ቱቦውም እዚያው ይግላል። ደንቡ ከ512 ኪዩቢክ ጫማ በታች በሆነ እንዲህ ያለ ሥፍራ፣ በግልጽ ለዚያ ካልተመሰከረለት በስተቀር፣ ምድጃ አይፈቅድም። 512 ማለት በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት ስምንት ስምንት ጫማ ነው፤ ቤታችሁ ያለው ከዚያ እንደሚያንስ እገምታለሁ።

ስለዚህ ምድጃ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ከጀርባው የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳና ማኑዋሉን ተመልከቱ። ለተራ ግድግዳ፣ ለማዕዘንና እንዲህ ላለ ገባ ያለ ሥፍራ ርቀቱ ለየብቻ ይጻፋል። የሦስተኛው ከሌለ ያ ምድጃ እዚያ አይገባም፤ ሌላ ፈልጉ። ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ሥፍራው ምን ያህል ጥልቅ ይሁን የሚለውም እዚያው አለ። ላሜራ አቁሜ ርቀቱን ልቀንስ የምትሉም ማኑዋሉ ለዚህ ሥፍራ መፍቀዱን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም።

ነጠላ ንብርብር የሆነው የጭስ ቱቦ ከሚቃጠል ነገር 18 ኢንች ይራቅ፤ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ሰንጥቆ አይለፍ፤ እዚያ የሚያልፈው በሙቀት መከላከያ የተሸፈነው ጭስ ማውጫ ነው። ውጭ ሲወጣ ከጣሪያው ቢያንስ 3 ጫማ፣ በ10 ጫማ ዙሪያ ካለ ነገር ሁሉ ደግሞ 2 ጫማ ይብለጥ። እርጥብ እንጨት አትማግዱ፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ ጭሱ ይበርድና ክሪዮሶት የሚባለው ጥቀርሻ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። እሱ ራሱ ነዳጅ ነው፤ በየዓመቱ ባለሙያ ይይላችሁ፣ ይጥረግላችሁ። የከተማውን ፈቃድ ሳታወጡ አትጀምሩ፣ ለኢንሹራንሳችሁም ንገሩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑራችሁ፤ ቡና በከሰል ለምታፈሉማ የግድ ነው።

አመዱን በተመለከተ የእኛ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፦ ማታ በአመድ የዳፈኑት ፍም ጠዋት ቀይ ሆኖ ይገኛል። ያው አመድ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠራቅሞ ጋራዥ ውስጥ ሲቀመጥ ቤት ያቃጥላል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጋችሁ፣ ከእንጨቱ በረንዳ ወርዳችሁ፣ ውጭ መሬት ላይ ለቀናት አቆዩት።