የቁልፉ ተቀባይ ማን ነው?

ባለፈው ዓመት የደብረ ታቦር በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በከተማችን ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ አንድ ማኅበር ያሠራው ሰፊ ባነር ታትሞና ዋጋው ተከፍሎ ካበቃ በኋላ፣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል በተጻፈው የማኅበሩ ስም መካከል ማንም ያላዘዘው «ቭ» ተሰንቅሮ ተገኘ። የቤቱ ባለቤት ጥፋቱን ለኪቦርዱ ሰጥተው አዲስ ኪቦርድ አስገዙ፤ የባነሩን ዋጋ ግን ጽሑፉን ከሠራው ልጅ ደመወዝ ቆረጡት። ልጁ ፋይሉን እንድመለከትለት በጠራኝ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቪን የተጫንሁት ጽሑፉን ላንቀሳቅስ ነው፤ ደግሞም ተንቀሳቅሷል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ይህም እውነቱ እስከ ዛሬ ያከነክነኛል።

የሙያ ባልደረቦቼ ነገሩን ሳልጨርሰው ተረድተውታል። በፎቶሾፕ ጽሑፍ የከፈተ ሰው በኮንትሮልና በኢንተር ሳያጸናው የማንቀሳቀሻውን መሣሪያ ለማምጣት ቪን ቢጫን፣ ቁልፉ የሚሄደው ወደ መሣሪያዎቹ ሳይሆን ወደ ጽሑፉ ነው፤ የግዕዝ ፊደል መጻፊያው ፓወር ግዕዝም በርቶ እንደ ሆነ «ቭ» ሆኖ ይገባል። ክፋቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ይኸውም ማውሱ ከጽሑፉ ጥቂት ራቅ ሲል ቀስቱ በገዛ ራሱ ወደ ማንቀሳቀሻ ተለውጦ ጽሑፉን ወደ ተፈለገው ስፍራ ስለሚጎትተው፣ ሠራተኛው ቁልፉ የታዘዘለት መስሎት ያልፋል። ሶፍትዌሩ ሐሰተኛ ምስክር ሆኖ ቆመለት ማለት ነው።

ከጉና ተራራ ሥር ካሉት ፎቶ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች «ኮምፒውተሩ አልታዘዝ አለን» ተብሎ የሚደርሰኝ አቤቱታ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይህ ሆኖ ሳለ፣ የሚታዘዝለት መድኃኒት ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው፤ ወይ ቫይረስ ገብቶበታል ተብሎ ፎርማት ይደረጋል፣ ወይ ኪቦርዱ ይለወጣል፣ ወይም መብራት ሲሄድና ሲመጣ የተበላሸ ነው ይባላል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ራሱን እንደ አዋቂ የሚቆጥር ሰው «ተጠንቅቆ መሥራት ነው እንጂ!» እያለ የሚሰጠው ምክር ነው። ይህን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። ጥንቃቄ የሚጠቅመው የሚጠነቀቁለት ነገር የሚታይ ሲሆን ነው፤ በዚህ ሶፍትዌር ግን ቁልፉን የሚቀበለው ሳጥን የትኛው እንደ ሆነ የሚያመለክተው አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን መስመር፣ ወይም በሰማያዊ የተቀለመ አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከስክሪኑ ዳር ተሸሽጎ ይገኛል፤ የሠራተኛው ዐይን ደግሞ ሊመለከተው የሚገባውን የሙሽራዪቱን ፊት እየተመለከተ ነው።

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ባለው የሰርግ ወራት፣ አልበም በጥድፊያ ሲሠራ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለሙያዪቱ ከሙሽራው በስተጀርባ ያለውን ያረጀ ግድግዳ በማስክ ልታጠፋ የብሩሹን ስፋት 45 ለማድረግ ታስባለች፤ ጠቅ ያደረገችው ከሳጥኑ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ብሎ ካረፈ፣ የጻፈችው 45 ስፋት መሆኑ ቀርቶ የብሩሹ ኦፓሲቲ 45 በመቶ ይሆናል፤ ይህንንም የሚነግራት ስለሌለ፣ ጠፋ ያለችው ግድግዳ በወረቀት ላይ እንደ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ወይም ሁለት ሌየሮች የሚዋሐዱበትን ስልት ከዝርዝሩ መርጣ ወደ ሥዕሉ ተመልሳ ስታምፑን ለማምጣት ኤስን ትጫናለች፤ በዊንዶውስ ላይ በብዙ ዕትሞች ዝርዝሩ ቁልፉን ገና አልለቀቀምና፣ በኤስ ወደሚጀምር ወደ ሌላ ስልት ይዘላል። በ1996 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ነጻው ጂምፕም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም፤ በእርሱም ቁጥር የጻፉበት ሳጥን ኢንተር እስኪጫኑ ወይም ሥዕሉን እስኪነኩ ድረስ ተከታዩን ፊደል ለራሱ ያስቀራል።

በእኛ ላይ ደግሞ መከራው ድርብ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከዓለም ፊደላት ጋራ ቢመዘገብም፣ የእነዚህ ሶፍትዌሮች አቋራጮች የታሰቡት በላቲን ፊደል ብቻ ስለ ሆነ፣ ግዕዙን ሳያጠፋ ከጽሑፍ የወጣ ሰው ቢን ሲጫን «ብ» ይላክና ብሩሹ ሳይመጣ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ሠራተኛ በያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ነገር፣ ይኸውም ተቀባዩ ሳጥን የትኛው እንደ ሆነና የበራው ፊደል የማን እንደ ሆነ፣ በኅሊናው ይዞ መሥራት አለበት፤ ይህንንም ሳያየው።

በተክሌ አቋቋም በታወቀችው በዚህች ከተማ ማኅሌት ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ሲቀባበሉ ተራው የማን እንደ ሆነ ዳር ቆሞ የሚያይ ሕፃን እንኳ አይጠራጠርም፤ ተራ የደረሰው ወገን በመቋሚያውና በጸናጽሉ ራሱን ይገልጣልና። ሶፍትዌሩ ግን ተራውን በዝምታ ያስተላልፍና የተሳሳተውን ይቀጣል።

ይህ የእኔ የብቻዬ ምሬት አይደለም። ኮፒና ፔስትን ካቀኑት ሰዎች አንዱ የነበረውና በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፈው አሜሪካዊው ላሪ ቴስለር፣ በ1970ዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ፣ አንድ ቁልፍ እንደ ሁኔታው ሌላና ሌላ ሥራ እንዳይሠራ ሲሟገት የኖረ ሲሆን፣ ሙግቱን በመኪናው ታርጋ ላይ «ኖ ሞድስ» ብሎ እስከ ማጻፍ ደርሶ ነበር። እንግዲህ ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች የጀመሩት ፎቶሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣ ክርክሩ ያረጀ ነበር። በአንድ ፊደል መሣሪያ መለዋወጥ እጅን የሚያፈጥን መሆኑን አልክድም፤ እኔም ያለ እርሱ አልሠራም። የምጠይቀው ግን ተቀባዩ ዐይን ባረፈበት ስፍራ፣ ከቀስቱ አጠገብ፣ በግልጥ እንዲታይ ብቻ ነው።

መሻሻል የለም አልልም፤ ነገር ግን መሻሻሉ ራሱ አዲስ ወጥመድ ይዞ መጥቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣውና እስከ ዛሬ በብዙ ቤት በሚሠራበት በሲ ኤስ 6 ኤስኬፕ ገና ያልጸናውን ጽሑፍ ይሰርዘዋል፤ በኋለኞቹ ዕትሞች ግን ኤስኬፕ ጽሑፉን እንዲያጸናው የሚያደርግ ምርጫ ተጨምሯል። አንዱ ቤት አሮጌው፣ ጎረቤቱ አዲሱ ስላለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተቀጥሮ የሚሄደው ልጅ በለመደ እጁ ኤስኬፕን ነክቶ ሙሉ የጥሪ ካርድ ጽሑፍ ቢያጠፋ፣ ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው ይባልና ደመወዙ ይቆረጣል፤ በቤቱ የተጫነው ዕትም የትኛው እንደ ሆነ ቀድሞ የነገረው ሰው ግን የለም።